በጾም የመጣ ጉርሻ

ልጄ ዋፍል ከሚባለው ጣፋጭ ቂጣ መሸጫ ፊት ተሰልፋ ነበር። ባሏ ጓንቶቿን ይዞ የበረዶ መንሸራተቻውን አጥር ተደግፎ ቆሟል። እኔና ስድስት ዓመት የሆናት የልጅ ልጄ ማሞቂያው ሥር ነበርን። ከፍራንክፈርት ወደዚያ መዝናኛ ፓርክ የሄድነው የገናውን መብራት ልናሳያት ነው። የፈረንጆቹ ገና ሲደርስ እኛ የነቢያት ጾም ላይ ነን፤ ወተትም ቅቤም አንነካም።

የልጅ ልጄ ዋፍሏን ከእናቷ እንደተቀበለች ቆረሰችና ክሬም አስነክታ ወደ አፌ ዘረጋችው።

«ተይ፣ አያትሽ ጾም ናቸው» አለች እናቷ።

አያቴ ለማለት «ኦማ» እያለች በጀርመንኛ ብቻ የምትመልስልኝ ልጅ እንደኛ ወግ ሰው ስታጎርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። እንቢ ብላት ሁለተኛ እንደማትሞክረው ገባኝ። አፌን ከፈትኩ።

አማቼ ሳቀ። «ግድ የለም እማማ፣ ለንስሐ አባትዎ አልናገርብዎትም።»

ልጅቷ ግን ሌላ ቆርሳ ነበር። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ኦማ» አለችኝ በአማርኛ። ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ሁለተኛውንም ጎረስኩ። ከዚያ ሦስተኛ ሳትቆርስልኝ አፌን በመሐረብ ጠርጌ፣ ቀድሜያቸው ወደመጣንበት አውቶቡስ ሄድኩ።