ሞተር ማስነሳትና ማጥፋት

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ሥራዬ በቅሎ መንዳት ነበር። ከአልዩ አምባ ገበያ ጨውና ጥጥ ጭኜ ዳገቱን ወደ አንኮበር እወጣለሁ፤ ከአንኮበር ገብስና ባቄላ ይዤ ቁልቁል እወርዳለሁ። አባታችን ሲሞት መሬቱን ለታላቅ ወንድሜ፣ በቅሎዎቹን ለእኔ ተወልን። እሱ ያርሳል፣ እኔ እነግዳለሁ፤ የምበላውም የማድረውም ከእሱ ቤት ነበር። መኪና የሚባለውን ነገር ደብረ ብርሃን ላይ ሲያልፍ ከሩቅ አይቼ አውቃለሁ እንጂ ቀርቤ ነክቼው አላውቅም።

ጣሊያን በገባ በመጀመሪያው ክረምት ወታደሮች መጥተው በቅሎዎቼን ነዱብኝ። መድፍ ሊጭኑባቸው ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን ወንድሜ ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ቆላው ጫካ ወረደ። እኔም ልከተለው ብዬ ተነስቼ ነበር፤ ከበራፍ መለሰኝ።

"ሁለታችንም ከወጣን ቤቱን ማን ያየዋል? አንተ ከሚስቴና ከልጆቼ አጠገብ ሁን" አለኝ።

"እሺ ጋሼ" አልኩት። ቃሌን ግን መጠበቅ አልሆነልኝም። በቅሎዎቼን አቤት ብዬ አስመልሳለሁ ብዬ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። እንዴት እንዲህ አሰብኩ? ያኔ ሰው የተወሰደበትን ነገር ጠይቆ የሚመለስለት ይመስለኝ ነበር።

በጦር ሰፈሩ በር ላይ አስተርጓሚው ቆሟል። የአገራችን ሰው ነው፤ ካፖርት ለብሶ፣ ጢሙን እንደ ጣሊያኖቹ ቀጭን አድርጎ ተላጭቷል። አቤቱታዬን እስከ መጨረሻው አላደመጠኝም።

"በቅሎ የለም" አለኝ። ከዚያ ክንዴን ጨብጦ መዘነና፣ "ጉልበት ግን አለህ" ብሎ ለአንድ ወታደር ምልክት ሰጠ። ስሜንና አገሬን አስመዘገቡኝ። ብጠፋ የወንድሜ ቤት እንደሚቃጠል አስተርጓሚው ራሱ ነገረኝ፤ ሲነግረኝ ስለ አየሩ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

ጋራዡ ቆርቆሮ የተጣለበት የቀድሞ የእህል መጋዘን ነው። መካኒኩ ሽበታም፣ ሁልጊዜ የሚያስለው፣ ጣቶቹ እንደ ጭራሮ የተጣመሙ ጣሊያን ነበር። አማርኛው ከጥቂት ቃላት አያልፍም፤ እኔም ከእሱ ቋንቋ አንድም አላውቅም። የመጀመሪያው ሥራዬ የተፈታ ብረት በናፍታ ማጠብ ሆነ። የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ውርጭ የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ ጠዋት እጅን ናፍታ ውስጥ መንከር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ቆዳዬ ተሰነጣጠቀ፤ እንጀራ ስቆርስ ደሜ እንጀራው ላይ ይታያል።

"ካቻቢቴ!" ይላል ከመኪናው ሥር። የሚለውን ስለማላውቅ ያገኘሁትን አቀብላለሁ። ያቀበልኩትን መልሶ ይወረውርብኛል። ጉጠት አቀበልኩ፣ ተወረወረብኝ፤ መዶሻ አቀበልኩ፣ ያ እንኳ አልሳተኝም። ብሎን መፍቻዋ ካቻቢቴ መሆኗን ያወቅሁት ቅንድቤ ከተፈነከተ በኋላ ነው። እሳት የሚረጨውን ካንዴላ፣ ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ሁሉንም ስም እንዲህ በምት ተማርኩት።

አንድ ቀን አንድ ትንሽ ሞተር እፊቴ ፈታታና እያንዳንዱን ብረት ሸራ ላይ ደረደረው። ግጠም አለኝ በእጁ። ቀኑን ሙሉ ገጠምኩ። ስጨርስ ሸራው ላይ አንድ ብረት ተርፏል። እሱ ብረቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሁሉንም መልሶ ፈታው። በማግስቱም እንደዚያው። ምንም ሳይተርፍ የገጠምኩ ዕለት እንኳ "በርታ" አላለኝም፤ ሌላ ሞተር አመጣ።

እሳቱን ያስተማረኝ ደግሞ እንዲህ ነው። ከካንዴላ የተነቀለ ሽቦ አስጨበጠኝና ሞተሩን ከፊት በኩል በብረት እጀታው አዞረው። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ፤ በጀርባዬ ወደቅሁ። ወታደሮቹ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። የካንዴላ ሽቦዎቹ የሚነሱበትን የእሳት ማከፋፈያ ክዳን ከፍቶ ከውስጥ አንዲት ጥቁር ቁራጭ አሳየኝ፤ ከአውራ ጣት የማትበልጥ። እየተሽከረከረች ለየካንዴላው እሳት የምታድለው እሷ ናት። እሷ ከሌለች፣ ቤንዚን ቢሞላም፣ ሰው ቢያዞርም፣ ሞተር አይነሳም። ይህንን በእጁ ምልክት፣ በአፉ ድምፅ እያሰማ ነገረኝ። ገባኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ሥራውን ወደድኩት። በሽቦ ሳይሆን በጆሮዬ እየለየሁ የትኛው ካንዴላ እንደሞተ ማወቅ ጀመርኩ። ብቻዬን ያስነሳሁት የመጀመሪያ ሞተር ከእጀታው በታች ሲንቀጠቀጥ ደረቴ ውስጥ የተሰማኝን ደስታ ለማን ልንገረው? በወንበሩ ላይ እንኳ መቀመጥ አልተፈቀደልኝም። ጥቁር ሰው በመኪናው ሥር እንጂ በመሪው ፊት አይታይም ነበር። ያስነሳሁትን ሞተር ደጅ ቆሜ ነበር የማዳምጠው። ከተማ ስወጣ ደግሞ ሰው ከናፍታ ሽታዬ ይሸሻል። ጠላ ቤት ገብቼ ስቀመጥ አጠገቤ የነበሩት ብርሌያቸውን ይዘው ይነሳሉ። "ባንዳ" የሚለውን ቃል ጮክ ብለው አይሉትም፤ እኔ የምሰማውን ያህል ብቻ።

ጭንቄን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ወንድሜና ሚስቱ። እሷ ቅቤ ለመሸጥ ደብረ ብርሃን ገበያ ስትመጣ በጋራዡ አጥር በኩል ታልፋለች። አንድ ቀን ቅሏን የምታስተካክል መስላ ጎንበስ አለችና፣

"ከጫካ ቃል ልኮልሃል" አለችኝ። "'አትፈር፣ ደህና አድርገህ ተማር፤ ነገ እነዚህ መኪኖች የእኛ ይሆናሉ፣ የሚያስነሳቸው ያስፈልገናል' ብሏል።"

"እትዬ፣ ሰዉ የሚለኝን ሰምቷል?"

"ሰምቷል። ሰዉን ተወው ብሏል።"

ለብዙ ጊዜ በዚህ ቃል ኖርኩ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ከአንኮበር በኩል የመጣ ካሚዮን ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ውሃው ፈልቶ እንፋሎቱ ይትጎለጎላል። መካኒኩ ትኩሳት ይዞት ድንኳኑ ውስጥ ተኝቷል። ባልዲ ይዤ ወጣሁ። ከኋላ እጃቸው የፊጥኝ የታሰሩ ሰዎች ተጭነዋል፤ አንዱ ወንድሜ ነው። ፊቱ አባብጧል፤ ያወቅሁት በአቀማመጡ ነው፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ያደርግ ነበር።

አየኝ። አላወቀኝም። ያላወቀኝ መስሎ ነው እንጂ፤ ዓይኑ ላዬ ላይ አርፎ እንደ ግድግዳ አለፈኝ። ቢያውቀኝ እኔም እጫናለሁ። አጠገቡ ወደ ታሰረው ሰው ዞሮ፣ ለእኔ በሚሰማ ድምፅ፣

"ዛሬ አዲስ አበባ ሊያደርሱን ነው። እዚህ ብናድር ኖሮ ግን አንድ ነገር አይጠፋም ነበር" አለው።

የሚለው ገባኝ። እስረኛ የሚያሳድሩበት ቤት የኋላ ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ከዚያ ግድግዳ ሰው ሾልኮ ሲጠፋ ሰምተናል። እንዲያድሩ መኪናው መቆም አለበት። የሞተሩን ሽፋን ከፈትኩ። ውሃ እየሞላሁ፣ በሌላ እጄ የእሳት ማከፋፈያውን ክዳን ፈታሁና ያቺን ጥቁር ቁራጭ አወጣኋት። ክዳኑን መለስኩ። ቁራጯን የግራሶ ቅባት ቆርቆሮ ውስጥ ወደ ታች ገፋኋት።

ሾፌሩ ቢያዞር ቢያዞር ሞተሩ አልነሳም። እኔም ጎንበስ ብዬ የምፈልግ መሰልኩ፤ ካንዴላ ነቀልኩ፣ ጠረግሁ፣ መለስኩ። እስረኞቹን የሚያጅበው መኮንን ይጮኻል። አስተርጓሚው አጠገቤ መጥቶ፣

"ምን ሆኖ ነው?" አለኝ።

"አላወቅሁም፤ ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ሳይገባ አይቀርም" አልኩት።

ፀሐይ ወደ ጫጫ በኩል ማዘንበል ጀምራለች። ትንሽ ብትቆይልኝ ይበቃኝ ነበር። እነሱ ግን መካኒኩን ከድንኳኑ አስነስተው፣ ብርድ ልብስ አልብሰው አመጡት። ቆሞ እየተንቀጠቀጠ ሾፌሩን አንዴ አዙር አለው። አዳመጠ። እኔን እንዳስተማረኝ በጆሮው ነው የለየው። ሌላ ምንም ሳይነካ በቀጥታ ክዳኑን አነሳ። ባዶውን ቦታ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸም። ቀስ ብሎ በጋራዡ ጥግ ጎማው ተነቅሎ ወደ ቆመው ሌላ ካሚዮን ሄደ። ክዳኑን ከፍቶ ከዚያኛው ቁራጯን አወጣ። አምጥቶ ገጠማት። ሞተሩ በአንድ ዙር ተነሳ። ለመኮንኑ ሲነግረው ቋንቋው ይገባኝ ነበር፤ "አርጅታ ተሰብራለች" ነው ያለው። እኔን ያዳነው በዚህ ቃል ነው፣ ወንድሜንም ያስወሰደው በዚያው እጁ ነው።

ካሚዮኑ ሲወጣ ወንድሜ ወደ እኔ አልተመለከተም። ፊቱን ወደ መጣበት፣ ወደ አንኮበር በኩል አዙሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው አላገኘሁም።

በማግስቱ መካኒኩ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጠራኝ። በዚያ ጊዜ የእሱን የእኔንም ቋንቋ እየደባለቅን እንግባባ ነበር።

"ለምን?" አለኝ።

"ወንድሜ ነው።"

የእጁን ግራሶ በጨርቅ ጠረገ። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?"

አሰበ። የምር አሰበበት። "ምንም" አለኝ።

ቢዋሸኝ ኖሮ እሱን መጥላት ይቀለኝ ነበር። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ብረት ወርውሮብኝ አያውቅም። ማንንም ያላስተማረውን ሁሉ ያስተማረኝም ከዚያ ወዲህ ነው። ከሁሉ የከፋው የማይታይ ብልሽት ነው ይለኝ ነበር። መርፌ የሽቦውን ጎማ በስቶ ገብቶ ጫፉ ቢሰበር፣ ሽቦው ከላይ ደህና ይመስላል፤ ሞተሩ ግን እሳት አያገኝም፤ ጎበዝ መካኒክ እንኳ ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ይውላል። ጭስ መውጫው ውስጥ በጥልቀት የገባ ጨርቅም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ሲያሳየኝ ራሴን እነቀንቅለት ነበር። ያን ከሰዓት አንድ መርፌ ይበቃኝ ነበር። እቤቱ መርፌ የሌለው ሰው አለ?

ጣሊያን ሲሸነፍ መካኒኩን ከምርኮኞቹ ጋር በእግሩ ነዱት፤ እያሳለ ሄደ። አርበኞች ደብረ ብርሃን ገቡ። እኔም ከሕዝቡ ጋር ልቀበላቸው ወጣሁ። ወንድሜን የሚያውቅ አገኛለሁ ብዬ ነበር። አስተርጓሚው ግን ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ካፖርቱን አውልቆ ነጭ ኩታ ለብሷል፤ መጻፍና ማንበብ የሚችል ስለሆነ ወዲያው ጸሐፊ አድርገውታል። በጣቱ ወደ እኔ እያመለከተ፣ "ይሄ የጣሊያን መካኒክ ነበር" አለ።

ተገረፍኩ። ወንድሜ አርበኛ ነበር አልኩ፤ "የሞተ ሰው ምስክር ይሆናል?" አሉኝ። ታሰርኩ። የታሰርኩት ያ የጭቃ ግድግዳ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳውን በእጄ ዳሰስኩት፤ እውነትም በማንኪያ የሚፈርስ ነበር።

ስንቅ የምታመጣልኝ የወንድሜ ሚስት ነበረች። ከአንኮበር ድረስ በእግሯ። ባሏ ከጣሊያን እስር ቤት ከተመለሱት ጋር አለመመለሱን ሰምታለች፤ አገር አቋርጠው ከተጋዙት ጋር ይሆን ወይስ መንገድ ላይ ገድለውት ይሆን፣ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን የዚያን ከሰዓት ነገር ነገርኳት። ቁራጯን እንደደበቅሁ፣ መካኒኩ ከሌላው ካሚዮን እንዳወጣ፣ ሁሉንም። እሷ የሚበላውን በእጇ እንደያዘች አደመጠችኝ።

"የሌላውንስ ለምን አልደበቅህም?" አለችኝ።

"ትዝ አላለኝም እትዬ። ያኔ ጀማሪ ነበርኩ።"

"ወንድምህ ግን የምትችል መስሎት ነበር" አለች። በቁጣ አይደለም ያለችው። ሳህኑን አስቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለችና ሄደች።

ከእስር ያስወጡኝ ንጹሕነቴ ታውቆ አይደለም። የተማረኩት ካሚዮኖች አልነሳ ብለው ነው። ጸሐፊው ራሱ መጥቶ በሩን አስከፈተልኝ። "ሙያህ ለአገር ያስፈልጋል፤ ያለፈውን እንርሳው" አለኝ፤ እኔም እሺ አልኩት፣ ሌላ ምን እላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያው ሥራ ቆየሁ። ጥሩ መካኒክ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

የወንድሜ ሚስት እስክፈታ ድረስ ስንቋን አላቋረጠችም። ከተፈታሁ በኋላ ግን ወደ እኔ መጥታ አታውቅም። ልጆቿን ለማየት በሄድኩ ቁጥር ታስተናግደኛለች፣ ምግብ ታቀርባለች፣ ስለ ሥራዬ አትጠይቀኝም። ቀስ በቀስ እኔም መሄዴን ተውኩ። በአንኮበር መንገድ መኪና ተበላሽቶ ሲጠሩኝ ሌላ ሰው ላኩ እላለሁ።