የጭድ ፍራሽ

ብቸና ውስጥ አዲስ የጤፍ ጭድ የጫነ ጋሪ ባጠገቤ አለፈ፤ ሽታው ልጅነቴን ቀሰቀሰው።

በየዓመቱ ለንግሥ ሞጣ ሄደን ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በድንኳን እናድር ነበር። አባባ “በረከት የሚገኘው በድካም ነው” እያሉ ባዶ መሬት ላይ ስለሚያስተኙን ጉዞውን እጠላው ነበር። አንድ ዓመት “አልሄድም!” ብዬ አለቀስኩ። አክስቴ አባብላ ወሰደችኝና ሞጣ ስንደርስ ከአውድማ ጭድ ለምና በጆንያ ጠቀጠቀችልኝ።

“ለንግሥ ነው የመጣሽ ለሠርግ?” አሏት አባባ።

“ወንድም ጋሼ፣ መሬት ላይ መተኛት ቢያጸድቅማ አህያ ቀድማን ገነት በገባች።”

ገነት ውስጥ የሚያናፉ አህዮችን እያሰብኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጎህ ሲቀድ ጎኔን ሳያመኝ ነቃሁ። አባባ ከአጠገቤ፣ ጭዱ ላይ ያንኮራፋሉ።

“አባባ፣ በረከቱስ?”

ዓይናቸውን ሳይገልጡ “ዝም በይ፤ እዚህም አግኝቶኛል” አሉኝ።

በዓመቱ ጭድ የሞሉ ጆንያዎችን ራሳቸው ተሸክመው ከፊት ወጡ፤ እኔም እየዘለልኩ ተከተልኳቸው።

ምቾትን እንደ ኃጢአት የሚቆጥር ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር፣ ይህ ሰው ጭድ ላይ ተኝቶ አያውቅም እላለሁ። ልጆቼ ነገ ለንግሥ ሞጣ ያድራሉ። ሮጬ ባለጋሪውን አስቆምኩት።