አባቴን ስፈልግ ያገኘኋት ጎንደር

ባለፈው ሰሞን አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ በቅርቡ እኔ ወደማስተምርበት የዩኒቨርሲቲ ክፍል የተመደበ አንድ ወጣት መምህር “ከተማውን ያሳዩኝ” ብሎ ያዘኝ። በእግር ከሆነ እሺ አልኩት። ቅዳሜ ጠዋት ተነስተን፣ ዋናውን መንገድ ትቼ በየጓሮው እየወሰድኩ፣ ይህ የማኅበር ቤት ነው፣ እዚህ ጥላ ሥር ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፣ እዚያ ማዶ ወጣቶቹ ለጥምቀት መዝሙር ያጠናሉ እያልኩ ሳዞረው ዋልኩ። ልጁ ጫማው አቧራ ለብሶ፣ “መቼም እርስዎ የጎንደር ተወላጅ ነዎት” አለኝ።

“ኧረ እኔ የጃናሞራ፣ የመካነ ብርሃን ልጅ ነኝ።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ መንደር እንዴት አወቁት?”

“አባቴ ጠፍቶብኝ” አልኩት። ሳቀ። የቀለድኩ መስሎት ነው። ሻይ ቤት አረፍ ብለን ነገሩን ከሥሩ አወጋሁት።

ያኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ማራኪ ሰፈር ውስጥ እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ባልቴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ጎንደር ከመጣሁ ዓመት አልፎኝ የማውቃት ግን ከቤቴ እስከ መማሪያ ክፍል ያለችውን መንገድ ብቻ ነው። የፋሲልን ግንብ ያየሁት በታክሲ መስኮት፣ ያውም የሰው ትከሻ እየከለለኝ። አገር ቤት ስገባ “ጎንደር እንዴት ናት?” ይሉኛል። “ሸጋ ናት” እልና ሌላ የምለው ስለሌለኝ ቶሎ ወሬ እቀይራለሁ። እውነቱን ለመናገር የከተማ ሰው እፈራ ነበር። ሰላም ብላቸው የማይመልሱልኝ ይመስለኛል፤ ሰላም ብዬ ግን ሞክሬ አላውቅም።

በዚያ ዓመት ጥምቀት ሲቃረብ አባቴ ሊታከም መጣ። አያ ሞላ ይባላል። ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ብርሃንና ጥላ ይለያል፣ ፊቱ ሰው መቆሙንም ያውቃል፣ ማን መሆኑን ግን ድምፁን ካልሰማ አይለይም። ከሩቅ የመጡ የዓይን ሐኪሞች ለጥቂት ቀን ሆስፒታል ውስጥ ሞራ እየገፈፉ ነው ሲባል ሰምቼ ወረፋ ይዤለት ነበር። ወረፋው የደረሰው በመጨረሻው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ያ ቀን ካመለጠ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ፤ አባቴም ዓይኑ እንደተጋረደ ወደ ጃናሞራ ገደል ይመለሳል። ያንን ማሰብ አልፈልግም ነበር።

የሕክምናው ቀን ዋዜማ ማታ በሶ በጥብጬለት እየጠጣ፣ “አንቺ ልጅ፣ ዓይን በስለት ይነካል እንዴ?” አለኝ።

“ስንቱ ተሠርቶለት አይቶ የለም እንዴ አባዬ!”

“እስቲ ይሁን። ብቻ አስቀድሜ ሥላሴን ልሳለም።”

ጠዋት ፈተና ስለነበረኝ ስመለስ አሳልምሃለሁ አልኩት። ገና ጎህ ሳይቀድ የአንድ እድር ጥሩምባ ነፊ ውስጥ ለውስጥ እየዞረ ይጮህ ነበር። ደብተሬ ላይ አፍጥጬ ስለነበር፣ ጥናቴን በጠበጠው ብዬ ተነጫነጭኩ። ሲነጋ አባቴን ለእትዬ ዘውዴ አደራ ሰጥቼ ወደ ፈተናዬ ሄድኩ።

ተፈትኜ ስመለስ አልጋው ተነጥፏል፤ ጋቢውም፣ ዱላውም፣ አባቴም የሉም።

“ወይኔ ልጄ!” ብለው እትዬ ዘውዴ ራሳቸውን ያዙ። “ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ ትቻቸው ወፍጮ ቤት ደርሼ መምጣቴ ነው እኮ!”

እሳቸውን መውቀስ አልሆነልኝም፤ ዱቄታቸውን እንኳ ከጀርባቸው አላወረዱም ነበር። ሥላሴን ሊሳለም ወጥቶ ነው አልኩ። በእግሩ የሄደ በእግር ይፈለጋል ብዬ ቁልቁል ወደ ቀሐ ወንዝ ወረድኩ። ማየት የማይችል ሰው፣ ያን ሁሉ መኪና፣ ያን ሁሉ ቦይ!

ፋሲለደስ መዋኛ ስደርስ አጥሩ ውስጥ ሰው ግጥም ብሏል። ለጥምቀት ግቢውን እያጸዱ ነው። ወጣቶቹ ገንዳው ውስጥ ወርደው የደረቀ ቅጠል ይዝቃሉ፤ ሴቶቹ ውኃ እየረጩ ይጠርጋሉ፤ የዛፎቹ ሥር እንደ ጣት ድንጋዩን ጨብጦ ይዞታል። እንዲህ ያለ ቦታ ከደጄ ሥር መኖሩን አላውቅም ነበር። አንዲት ወፈር ያሉ እናት ገና ሲያዩኝ መጥረጊያ አቀበሉኝና “በዚያ በኩል ጀምሪ” አሉኝ።

“እማማ፣ አባቴ ጠፍቶብኝ ነው።”

“እመቤቴ ድረሺ!” አሉ። ድምፃቸው ገንዳውን አልፎ ወዲያ ማዶ ተሰማ። “ሽማግሌ ያያችሁ! አንድ ሽማግሌ ያያችሁ!” ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ከበበኝ።

“ምን ለብሰዋል?”

“ነጭ ጋቢ።”

“ምን ይዘዋል?”

“ዱላ።”

እርስ በርስ ተያዩ። ጎንደር ውስጥ ነጭ ጋቢ ያልለበሰ፣ ዱላ ያልያዘ ሽማግሌ ከየት ይምጣ? ዓይኑ እንደማያይ ስነግራቸው ግን ሁለት ወጣቶች አካፋቸውን ጥለው የወንዙን ዳር ሊያስሱልኝ ወረዱ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ወደ ላይ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወጣሁ። አጥሩ ሥር የማኅበር ሴቶች ዳቦ እየቆረሱ ለነዳያን ያድላሉ። ስጠይቃቸው አላዩትም። አንዷ ትኩስ ዳቦ እጄ ላይ አድርጋ “ብዪ፣ በባዶ ሆድ ሰው አይፈለግም” አለችኝ። እያለቀስኩ በላሁት። ጥቁር አዝሙዱ አሁንም ምላሴ ላይ አለ። ከውስጥ ተንበርክኮ ይሆን ብዬ ገባሁ። ቀና ስል ጣሪያው ሙሉ መላእክት ነው፤ ሁሉም ትልልቅ ዓይናቸውን አፍጥጠው ወደ ታች ያያሉ። ሥላሴ ይቅር ይበሉኝና ተናደድኩ። ይህ ሁሉ ዓይን ለአንድ ጣሪያ! እኔ የምለምነው ሁለት ብቻ ነበር።

ከዚያ ጃንተከል ዋርካ ሥር። ሽማግሌዎች ክብ ሠርተው የተጣሉ ጎረቤታሞች ነገር ይሰማሉ። እኔን ሲያዩ ሸንጎአቸውን አቆሙልኝ፤ የዓይኑን ቀጠሮ ጨምሬ ነገርኳቸው። ተበዳይ ነኝ የሚለው ሰውዬ ራሱ “ስለቱን ፈርቶ ወደ አገሩ ሸሽቶ እንዳይሆን፤ መናኸሪያ ሂጂ” አለኝ። “ዓይን በስለት ይነካል እንዴ?” ያለው ትዝ አለኝ። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። ወደ መናኸሪያ እየሮጥኩ የደባርቅ መኪና አሳፍሮት ሲሄድ ይታየኛል፤ ደባርቅ ሲደርስ፣ ከዚያም በዚያ ቁልቁለት።

መናኸሪያ ሳልደርስ መንገዱ ተዘጋ። ቀብር ነው። ካህናቱ ከፊት፣ አስከሬኑ በትከሻ፣ ለቀስተኛው ከኋላ። ታክሲው ቆመ፤ የሽምብራ እሸት የምትሸጥ ሴት እስሯን መሬት አስቀምጣ ተነሳች። እኔም ያ ሁሉ ጥድፊያ እያለብኝ፣ ሳላስበው ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከኋላ ተከተልኩ። አባቴ ነው ያስለመደኝ። መንገድ ላይ ቀብር ካጋጠመው ከበቅሎው ወርዶ ሳይሸኝ አያልፍም፤ የማን ነው ብሎም አይጠይቅም።

እግሬ ቀጥ አለ። ጥሩምባው!

በኛ አገር ጥሩምባ ከተነፋ ሞት ነው፤ የሰማ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ማን ሞተ የሚባለው እዚያ ከተደረሰ በኋላ ነው። የከተማ ጥሩምባ ግን የሚጠራው የእድሩን አባል ነው፤ እትዬ ዘውዴ እንኳ እድራቸው ሌላ ስለሆነ አልሄዱም። አባቴ ይህንን ከየት ይወቀው? እኔ የተነጫነጭኩበትን እሱ ጋቢ ውስጥ ሆኖ ሰምቶታል!

ታክሲ ይዤ ማራኪ ተመለስኩ። ከቤቴ በታች፣ ሁለት ቅያስ ወረድ ብሎ፣ ድንኳን ተተክሏል። እኔ የወጣሁት በሌላው በኩል ስለነበር አላየሁትም። ገባ ብዬ አየሁ። አባቴ በሁለት ሰዎች መካከል አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ንፍሮ ይቅማል።

ከተማውን በሙሉ ዞሬ ከጓሮዬ አገኘሁት! እግሩ ሥር ተቀምጬ ተንሰቀሰቅኩ። ለለቀስተኞቹ የሟች ዘመድ መሰልኳቸው፤ አንዲት ሴትዮ አቅፋኝ አብራኝ አለቀሰች። እኔ የማለቅሰው ደስ ብሎኝ ነው፤ እንዴት ብዬ ልንገራት?

ሟቿ እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ልጃቸው ጋሽ አስናቀ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው፣ ቀረብ ብሎ አጫወተኝ። “የእናታችን ወገኖች ሩቅ ስለሆኑ አልደረሱም። አባትሽ ዱላቸውን እየደቀደቁ ገብተው ስቅስቅ ብለው ሲያለቅሱ፣ እሰይ አንድ እንኳ መጣልን አልን። በማን በኩል ነው ዝምድናችን አያ ብላቸው፣ ‘አላውቃትም ልጄ፣ ጥሩምባ ሰምቼ ነው’ አሉኝ።” ይህን ብሎ ጋሽ አስናቀ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

አባቴን “ተነስ፣ ሐኪሞቹ ሊሄዱ ነው” አልኩት።

“ምነው ልጄ? አስከሬን ሳይወጣ?”

“አባዬ፣ ዓይንህ ነው እኮ!”

“ዓይኔ እስከዛሬ ታግሶኛል። ደጇ ተቀምጬ፣ ንፍሮዋን በልቼ፣ ለራሴ ዓይን ብዬ ጥያት ልሂድ? አይሆንም።”

ለመንኩት፤ ተቆጣሁት፤ ንቅንቅ አልል አለ። ካገኘሁት በኋላ ላጣው ነው ብዬ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሽ አስናቀ ሰምቶን ኖሮ ከእድሩ ዳኛ ጋር ጥቂት ተነጋገረ። የእድሩ ዳኛ ካህናቱን አነጋገሩ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አስከሬኑ ወጣ። ከታሰበው ቀደም አድርገው እንዳወጡት የገባኝ በኋላ ነው። አባቴን ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈውት ከሬሳው ኋላ ሄደ። ወደ ሆስፒታሉ የሚገነጠለው መንገድ ላይ ስንደርስ ካህናቱ አስከሬኑን አሳርፈው ፍትሐት ደገሙ። ጋሽ አስናቀ መጥቶ የአባቴን እጅ ያዘ።

“አያ ሞላ፣ እናቴን እዚህ ድረስ ሸኝተውልኛል። ከዚህ ወዲያ እኔ አለሁ። ይሂዱ፤ እግዜር ዓይንዎን ያብራልዎ።”

አባቴ ወደ ሬሳው ዞሮ እጅ ነሳ። ከዚያ “አሁን ውሰጂኝ” አለኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ስሙ ተጠርቶ አልፏል። ነርሷ ጋቢው ላይ ያለውን አቧራ፣ እኔንም እንባዬን አይታ፣ “ከለቅሶ ነው የመጣችሁት?” አለችና መጨረሻ ላይ አስገባችው። በሩ ሲዘጋ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ አባቴ ዓይኑን ደጋግሞ ጨፈን ገለጥ አደረገ። ግድግዳውን አየ፤ መስኮቱን አየ፤ እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። “ምነው እንዲህ ከሳሽ?” አለኝ። ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ ሳምኩት። ከዚያ ደግሞ “የሥልስቱ ቀን ለቅሶ ቤት ውሰጂኝ። ከሰዎች ጋር ሳላያቸው ነው የተቀመጥኩት” አለ። ወሰድኩት። ጋሽ አስናቀን አገጩን ይዞ ትክ ብሎ አየው። “ሸጋ ልጅ ነህ” አለው።

ከዚያም ስፈልገው የዞርኩበትን ሁሉ አብረን ዞርንበት። መዋኛው ደጅ እኚያ ድምፃም እናት አብረን ሲያዩን “ተገኙ! ተገኙ!” ብለው እልል አሉ። ሥላሴ ገብቶ ጣሪያውን አንጋጦ ሲያይ አንገቱ እስኪያመው ቆየ። እኔም ከዚያ ወዲህ ሰላም የማልለው ሰው የለም፤ ሁሉም ይመልሱልኛል።

አባቴ እያየ ብዙ ዓመት ኖረ። መካነ ብርሃን ላይ ሲያርፍ እኔ ወደ ጎንደር የደወልኩት ለእትዬ ዘውዴ ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን አቧራ የጠጣ ሚኒባስ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። ጋሽ አስናቀ ጸጉሩ ሸብቶ ወረደ፤ የማራኪ ሰዎች ከኋላው ተከተሉ። የመንደራችን ሰው ከተሜ ማየቱ ገርሞት፣ አንድ አጎቴ “ምነው ልጄ፣ ከዚያ ድረስ? የአያ ሞላ ምኑ ነህ?” አለው።

“እናቴን አብሮኝ የሸኘ ሰው ነው” አለ ጋሽ አስናቀ። አጎቴ ጠጋ ብሎ ከአጠገቡ አስቀመጠው።

ወጣቱ መምህር ሻዩ ቀዝቅዞበት ነበር። “እኔ እዚህ አገር ማንም የለኝም” አለ ቀስ ብሎ። የእድራችን ስብሰባ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ነው፣ ና አልኩት። መጣም፤ ተመዘገበም። እኔን እንደሆነ ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ የተነፈስኩት እፎይታ እስከ ዛሬ አላለቀብኝም። ጎንደር ውስጥ ሰው ጠፋ ብለው እየሮጡ ሲመጡብኝ አልደነግጥም። አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ዛሬ ለቅሶ ያለው የት ነው?