ግራዋና እንክብል

እናቴ ከጊዳ አያና ሸሽታ ነቀምቴ እኔ ዘንድ ስትመጣ የያዘችው አንድ ፌስታልና ውሻዋን ብቻ ነበር። መንደሩ ሲበተን ውሻው እስከ መኪናው ድረስ ተከትሏት መጣና ትታው መሄድ አቃታት። ስለዚያ ቀን ለእኔ አውርታኝ አታውቅም፤ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ለውሻው ስታወራ ግን እሰማታለሁ።

ባለፈው ክረምት ውሻው ምግብ ተወ። ከንፈሩን ገለጥ ሳደርግ ድዱ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል።

«የወፍ በሽታ ነው» አለች እናቴ። «ሰውንም ይይዛል። መድኃኒቱ ግራዋ ነው።»

«የለም፣ ሐኪም ይየው» አልኳት።

ሁለት ባጃጆች ውሻ አንጭንም ብለው አለፉን፤ ሦስተኛው ወሰደን። የእንስሳት ሐኪሙ ከላምና ከበሬ ሌላ ብዙም አይመጣለትም። ዳሰሰው፤ ጉበቱ ተጎድቷል አለን። መርፌ ወጋው፣ የሚዋጥም ሰጠን።

«ከምን መጣበት?» አልኩት።

«ከአይጥ ሽንት ሊሆን ይችላል፤ መርዝም ሊሆን ይችላል። እዚህ የሚያረጋግጥ ምርመራ የለንም።»

ይህ «ሊሆን ይችላል» እንቅልፍ ነሳኝ። አዲስ አበባ ላለች ጓደኛዬ ደወልኩ፤ ከዕፅ የተሠራ የውሻ ጉበት ማጠናከሪያ እንክብል በአውቶቡስ ላከችልኝ። መጠኑ የሚወሰነው በውሻው ክብደት ነው። ክብደቱን አላውቅም፤ ገመትኩ። ሐኪሙን እንዳልጠይቅ አትስጪው ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ለእናቴም አልነገርኳትም። እሷ ጓሮ ስትገባ በሥጋ ጠቅልዬ አጎርሰው ነበር።

በሁለተኛው ቀን ውሻው አረንጓዴ ነገር ያስመልስ ጀመር። እግሮቹ አልሸከም አሉት። እንደ ሕፃን አቅፌው ተመልሰን ሄድን።

ሐኪሙ ትውከቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ሀርሜ» አላት እናቴን፣ በኦሮምኛ «እማማ» እንደማለት። «እኔ ካዘዝኩት ሌላ ምን ሰጣችሁት?»

እናቴ መሬት መሬት አየች። «ግራዋ» አለች በቀስታ። «ጠዋት ጠዋት፣ እሷ ሥራ ስትሄድ። ጨምቄ በማንኪያ።»

«እኔም እንክብል ሰጥቼዋለሁ» አልኩ።

«አንቺም?» አለችኝ ዞር ብላ።

ሐኪሙ ውሻውን ሚዛን ላይ አወጣው። ከገመትኩት ግማሽ ብቻ ነበር የሚመዝነው።

«ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም ማለት አይደለም» አለን ሳይቆጣ። «የገባውን ሁሉ የሚያጣራው ይኸው የታመመው ጉበት ነው። ሁለቱንም አቁሙ።»

ግሉኮስ ሰቀለለት። እናቴ ውሻ ከነካች ልብሷን ሳትቀይር ቤተ ክርስቲያን የማትሄድ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ራሱን ነጠላዋ ላይ አስደግፋ እስኪያልቅ ተቀመጠች። «ከዚያ ሁሉ አውጥቼው፣ በገዛ እጄ» ትላለች ደጋግማ። «እማ፣ አልሞተም እኮ» እላታለሁ፤ እኔም ግን ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ከማየት ዓይኔን አልነቀልኩም።

በአራተኛው ቀን ጨው የሌለው መረቅ ላሰ። ድዱ ወደ ቀድሞ መልኩ እስኪመለስ ግን ሳምንታት ፈጀ። በኋላ ሐኪሙ እንክብሉን ራሱ መጥኖ ፈቀደልን። ያዳነው መርፌው ይሁን ዕድሜው፣ ዛሬም አላውቅም።

አሁን ማታ ማታ እናቴ «ስንት ሰጠሽው?» ትለኛለች። «አንድ» እላታለሁ። ከዚያ ሳልጠይቃት፣ «እኔ ምንም አልሰጠሁትም» ትለኛለች።