የዝናብ ዋስ

ንፋስ መውጫ ውስጥ፣ በእኛ ሰፈር፣ አይሱዙ ያለን እኔና ጎረቤቴ ብቻ ነን። የቢራ ገብስ የሚገዛ ድርጅት ጫኝ ሲፈልግ መጀመሪያ የጠራው እኔን ነበር። ውሉን አነበብኩት። ገብሱን መንገድ ላይ ዝናብ ቢያበሰብሰው ተጠያቂው እኔ፤ መብረቅ ቢመታው እኔ፤ እነሱ መጋዘን ከተራገፈ በኋላ ቢነቅዝም እኔ። የዚህን ሁሉ ኢንሹራንስ የምገባውም እኔው ከኪሴ ነኝ። "እኔ ሹፌር ነኝ እንጂ የእግዜር ዋስ አይደለሁም" ብዬ ወረቀቱን መለስኩላቸው።

ጎረቤቴ ሳያነብ ፈረመ።

ያኔ ሳቅኩበት። ብዙም ሳይቆይ ጎማ ቀየረ፣ የቤቱን ቆርቆሮ አደሰ፤ ሚስቴም "ማንበብህ ምን ጠቀመህ?" አለችኝ። መኪናው በደጄ ባለፈ ቁጥር ቀና ብዬ ደመና እፈልግ ጀመር።

ኅዳር ላይ ያለወቅቱ ዳመነና አጨዳው እንዳይበላሽ ደብሩ ምህላ ያዘ። እኔም ከሰው ጋር ቆሜ "እግዚኦ" አልኩ። አፌ ዝናቡን ያዝልን ይላል፤ ልቤ በጎረቤቴ ጭነት ላይ አውርድበት ይላል። የፈረመ ይክፈላ!

ወረደ። ለካ ከማሳዬ ያጨድኩት የእኔም ገብስ አውድማ ላይ ነው፤ ሸራዬን ደግሞ ሥራ ከፈታ ወዲህ አይጥ በልቶታል። እየሮጥኩ ስደርስ ጎረቤቴ ቀድሞኝ፣ የመኪናውን ሸራ ገፎ የእኔን ገብስ ይሸፍናል። የራሱ ጭነት መኪናው ላይ ያለ ሸራ ይበሰብሳል።

"ውሉስ?" አልኩት።

"የቱ ውል?" አለኝ።

በዚህም ቀናሁበት።