ከገለባው ሥር የነበሩ ማሰሮዎች

ዘንድሮ በኅዳር፣ ገብሱ ታጭዶ ሳያልቅ፣ የማርያም ማኅበር ተራዬ ደረሰና ጽዋው ንፋስ መውጫ ካለው ቤቴ ገባ። ክዳን ያለው ሰማያዊ የፕላስቲክ ጆግ ነው። ከፍቼ አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም። እኔ የፈለግሁት የወይራ ጢስ የጠጣ ሸክላ ሽታ ነበር፣ የእናቴን እጅ ሽታ።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከስማዳ ፈልሰን ጋይንት ገጠር ስንገባ ከወንዙ ዳር፣ ከሰው ቤት ራቅ ያለች ጎጆ ሰጡን። ከኋላችን ጠይብ ይሉናል፤ ዓይናችን ሰው ይበላል ብለው ልጆቻቸውን በነጠላ እየሸፈኑ ያልፉናል። የአገሩ ጠላ የሚጠመቀው በእሷ ጋን፣ ወጡ የሚሠራው በእሷ ድስት ነው፤ ገበያ ላይ ግን ገንዘቡን መሬት ያስቀምጡላታል እንጂ ከእጇ ላይ አያኖሩትም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድም የምንቆመው ከቅጥሩ ውጭ፣ ከጥዱ ዛፍ ሥር ነበር፤ ማንም አልከለከለንም፣ ግቡ ያለንም የለም። እኔ ቅዳሴው እስኪያልቅ እግሬን እያየሁ እቆም ነበር።

አንድ ዓመት የማኅበሩ ጽዋ ተሰበረና እናቴ አዲስ እንድትሠራ ታዘዘች። ሠርታ፣ አሟሽታ፣ በወይራ አጥና በታኅሣሥ ማርያም ዕለት አመጣችውና እንደ ልማዷ ከደጀ ሰላሙ ሣር ላይ አስቀመጠችው። የማኅበሩ አባት መምሬ ደሴ ጎንበስ ብለው አነሡት፤ መልሰውም ከእጇ ላይ አኖሩት። በማኅበሩ ሥርዓት ጽዋው በእጁ የገባ ሰው የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ነው።

“መምሬ፣ ቡዳ ቤት ልታስገቡን ነው?” አሉ እትዬ ጥሩ፣ አፋቸው የማያርፍ ባልቴት።

“እግዜርም ጭቃ አቡክቶ ነው የጀመረን። እሱም ቤት አልገባም በያ።”

ሰው ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። መንገድ ላይ “አይመጡም” ብቻ አለችኝ።

ቢሆንም ብቅል አበቀለች፣ ጌሾ ወቀጠች፣ ድፎዋን ደፋች። በጥር ማርያም ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ እኔ የተቡካውን ጭቃ፣ ማሰሮውን፣ ስባሪውን ሁሉ ተሸክሜ ከጓሮ ገለባ ሥር ደበቅሁት። እንግዶቹ ሲመጡ ምን እንደሆንን እንዳያዩ ነው፤ የማያውቁት ይመስል። ተመልሳ ቤቱን ዙሪያውን አየች። ተቀምጣም ከጥፍሯ ሥር ያለውን ጭቃ በስንጥር ታወጣ ጀመር።

ፀሐይ አዘቀዘቀች፣ ዳቦው ቀዘቀዘ። የመጡት መምሬ ብቻ ነበሩ። ባዶውን ጥግ አዩና፣ “ሥራሽ የታለ? እሱን ላይ ብዬ ነበር እኮ የቀደምሁ” አሏት። እኔ ፊቴን በቀሚሴ ሸፈንኩ። ያን ጊዜ ከደጅ ሳል ተሰማ፤ እትዬ ጥሩ ናቸው። “ሌላ ቤት ጠላ ጠፍቶ ነው” ብለው ገቡ። ከእሳቸው ኋላ ጥቂቶች ተከተሉ፤ ያልመጡት ይበዛሉ። መምሬ ጸሎት አድርሰው ጽዋውን መጀመሪያ ለእናቴ ሰጧት። ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው መጠጫ የሠራች ሴት ከሰው ጋር ስትጠጣ ያኔ አየኋት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የጠጣችው።

ዛሬ ከቅጥሩ ውስጥ ቆሜ አስቀድሳለሁ፣ ልጆቼም እዚያው ተጠምቀዋል፤ ተመስገን። እናቴ ግን የለችም፤ ጭቃው ከየትኛው ገደል እንደሚቆፈር የሚያውቅም የለም። እጄ እጇን እንዳይመስል ስሸሽ ሙያዋን ሳልይዘው ቀረሁ፤ የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝም ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ።

ያኔ ግን በማግስቱ፣ እናቴ ሳትነሣ፣ ገለባውን ገልጬ ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ አወጣሁ፤ በነጠላዬ ጠርጌም፣ ወደ ገበያ የሚወጣ ሁሉ እንዲያያቸው ከመንገዱ ዳር ደረደርኳቸው።