አባቴ ራሱን ቅቤ የተቀባ ዕለት

አባቴ ከሰቆጣ አምደወርቅ ሚኒባስ ይነዳል። እንደ እሱ ያለ ደግ ሹፌር አላውቅም፤ እንደ እሱ ያለ ግትርም አላውቅም። መንገድ ዳር እጇን ያነሳች አሮጊት ካየ ሳያሳፍር አያልፍም፤ ወንበር ከጠፋ ጃኬቱን አጥፎ ያነጥፍላታል። "ደከመህ ወይ?" ያለውን ሰው ግን እንደሰደበው ይቆጥረዋል።

ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ ከአምደወርቅ ገበያ ሲመለስ፣ ጠመዝማዛው ላይ አንገቱ ዘንበል አለና ጎማው ወደ ገደሉ አፋፍ ወጣ። የነቃው በተሳፋሪዎቹ ጩኸት ነው። ለእናቴም የነገሯት እነሱ ናቸው፤ እሱማ "ጎማው ነው!" ብሎ ድርቅ አለ። ከዚያ ወዲህ እናቴ መኪናው ግቢ እስኪገባ እህል በአፏ አይዞርም።

እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመመረቂያዬ የምሠራው የሹፌርን ድካም ከአእምሮው የሚያውቅ መሣሪያ ላይ ነበር። ቆብ ነው። ውስጡ ያሉት ትንንሽ ብረቶች የራስ ቆዳን ነክተው የአእምሮን ሞገድ ያነባሉ፤ ሰው ዓይኑ ተከፍቶም ቢሆን አእምሮው ማንቀላፋት ሲጀምር ሞገዱ ዝግ ይላል። ለእረፍት ስመጣ ይዤው መጣሁ። "አባዬ፣ በቆመ መኪና ውስጥ ነው የምለካዎት። ብቻ ራስዎን ታጥበው ይጠብቁኝ፤ ቅባት ካለ አያነብም" ብዬ በስልክ አስጠንቅቄው ነበር።

ስደርስ ግቢው መሃል ተቀምጧል። ቅቤው ከግንባሩ አልፎ በጆሮው ላይ ይወርዳል።

"ምነው አባዬ?"

"ራሴን ፈልጦኝ ነው ልጄ። ታዲያ ምን ላድርግ?"

ብልጥ ለብልጥ፣ ዓይን ብልጥጥ! ደሜ ፈላ። ልጮህበት አፌን ስከፍት ግን ዓይኑን አየሁት፤ ፈርቷል። ያ ቆብ መሪውን የሚቀማው መስሎታል። አንጀቴን በላው።

እናቴ ውሃ አሙቃ፣ ሳፋና ሳሙና ይዛ መጣች።

"ጎንበስ ይበሉ" አለችው።

"ኧረ ተይኝ፣ ራሴን..."

"ነገ ገበያ ነው። የምሸኘው ሰው ይመለስ አይመለስ ማወቅ እፈልጋለሁ።"

አባቴ ክርክሩን ትቶ ጎንበስ አለ። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ከማጅራቱ ጀምራ በቀስታ ታሸው ገባች። ቆቡ ያለበትን ሳጥን ልከፍት ስነሳ በእጇ "ተይው" አለችኝ። አባቴ ግንባሩን ጉልበቷ ላይ ጥሎ፣ ሳሙናው ሳይለቅለት፣ በጠራራ ፀሐይ ያንኮራፋል።

በእርጥብ እጇ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥታ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ሲነቃ ደንገጥ ብሎ ራሱን ዳበሰ። "መሣሪያው ምን አለ?"

"ይረፉ ብሏል" አለችው እናቴ።

አባቴ ሳጥኑን አየው፤ ገመዱ እንኳ አልተፈታም። ከዚያ የነጠላዋን ቋጠሮ አየ።

"እንግዲህ መሣሪያው ካለ ምን ይደረጋል" አለና ግንባሩን መልሶ ጉልበቷ ላይ አደረገ።